ቢከሩ «የት ትማራለህ?» አይልም

ሰርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ አንድ ትልቅ ዘመድ ተማሪ አጠገባቸው ከተቀመጠ ጥያቄያቸው የታወቀ ነው። «ምን እየተማርክ ነው ልጄ?» ይላሉ። «ፋርማሲ» ወይም «ሜዲካል ላቦራቶሪ» ሲባሉ ፊታቸው ይበራል። ቀጥሎ «የት?» ይመጣል። የብዙ ተማሪ ድምፅ ዝቅ የሚለው እዚህ ጋ ነው። «ግል ነው» ይላል፣ የሰው ዕቃ የሰበረ ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ። «አይዞህ፣ ዋናው መማሩ ነው» የምትለዋ ማጽናኛ ደግሞ ከስድብ ትብሳለች።

ይህን የምጽፈው ድምፃቸው ዝቅ ለሚልባቸው ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ኬሚስትሪ ደብተራቸው ላይ ላለባቸው። በአገራችን ኬሚስትሪን ራሱን ችሎ በዲግሪ የሚያስተምር የግል ተቋም እንደ ልብ አይገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አካውንቲንግ በነጭ ሰሌዳና በወንበር ይጀመራል፣ ቤተ ሙከራ ግን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ አብዛኛው የግል ተማሪ ኬሚስትሪን የሚያገኘው በፋርማሲ፣ በላቦራቶሪ፣ በነርሲንግ በኩል ነው፤ ወይም በሪሚዲያል ክፍል።

ሪሚዲያል የሚለው ቃል ብቻውን ስንቱን አሸማቆታል! በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስታወሳችሁ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም ነበር። የአቅም ማሻሻያ ትምህርቱ የመጣው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተናም ተጀመረ፤ እሱን ደግሞ የመንግሥቱም የግሉም ተማሪ እኩል ይቀመጥበታል፣ ማለፊያውም ለሁሉም 50 ነው። ፈተናው የተቋማችሁን በር ቀለም አይቶ ነጥብ አይቀንስም።

ኬሚስትሪ ከፈተናም ይልቅ አድልዎ አያውቅም። ቢዩሬቱን ከፍታችሁ ቤዙን በአሲዱ ላይ ጠብ ጠብ ስታደርጉ፣ ፌኖልፍታሌን ያለበት ፈሳሽ ወደ ሮዝ የሚለወጠው ልኩ ሲደርስ ነው። አራት ኪሎ ለሚማረው ቀድሞ፣ ኪራይ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚማረው ዘግይቶ አይቀላም። ቢከሩ «የት ትማራለህ?» አይልም። የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ በእጃችሁ ሠርታችሁታል ወይስ አልሠራችሁትም?

ይህን በሕይወታቸው ካሳዩ ሰዎች እኔ የማስቀድመው ፐርሲ ጁሊያንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ። አያቶቹ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን በከተማው ለጥቁር ልጆች ከስምንተኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ለጥቁሮች በተከፈተ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ የሚቻለውን ያህል ተማረ። በ1916 ኢንዲያና ግዛት፣ ግሪንካስል በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ዲፖው የተባለ የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። ተቀበለው ስል በሙሉ ተማሪነት እንዳይመስላችሁ። መሠረቱ አይበቃም ስለተባለ፣ ከኮሌጁ ትምህርት ጎን ለጎን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን እንዲያካክስ ተደረገ። በእኛ አነጋገር ሪሚዲያል ገባ ማለት ነው።

ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር እንዲያድር አልተፈቀደለትም። ነጭ ተማሪዎች በሚኖሩበት የማኅበር ቤት ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል እያደረ፣ የቤቱን ማሞቂያ እያነደደ፣ ለእኩዮቹ ምግብ እያቀረበ ተማረ። በ1920 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ የመድረክ ንግግር ይወጣው ነበር፤ ብዙዎቹ አነቃቂ ተናጋሪዎችም እዚህ ላይ አጨብጭበው ይወርዳሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንደኛ መውጣቱ በር አልከፈተለትም። ፊስክ በተባለ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት አስተማረ፤ ከዚያ ሃርቫርድ ገብቶ በ1923 ማስተርሱን ያዘ። ሃርቫርድ ግን ነጭ ተማሪዎችን እያስተማረ እንዲቀጥል አልፈለገም። ዛሬ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባት ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማረ፤ ሃዋርድም የግል ነው። በመጨረሻ ባሕር ተሻግሮ ቪየና ሄደና በ1931 ዶክትሬቱን በኬሚስትሪ አገኘ። ልብ በሉ፣ ዲፖው፣ ፊስክ፣ ሃርቫርድ፣ ሃዋርድ፤ አራቱም የግል ናቸው። እዚያ አገር «ግል» ማለት አንገት የሚያስደፋ ቃል አይደለም። እኛ ጋም ቃሉ የሚቀየረው በውስጡ የሚማረው ሰው በሚሠራው ሥራ ነው።

ከቪየና መልስ ጥቂት ቆይቶ ወደ ዲፖው ተመለሰ። ያኔ በእጁ የያዘው ጥያቄ የምዕራብ አፍሪካ ዕፅ የሆነችው የካላባር ባቄላ ነበረች። ከእሷ የሚወጣው ፊዞስቲግሚን ግላኮማ ለተባለው የዓይን ሕመም መድኃኒት ሆኖ ያገለግል ነበር፤ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል። ጥያቄው ይህን ንጥረ ነገር ያለ ባቄላዋ፣ ከቀላል ኬሚካሎች ተነስቶ በቤተ ሙከራ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ነው። በዚሁ ላይ ይሠራ የነበረው ሌላው ሰው የኦክስፎርዱ ሮበርት ሮቢንሰን ነበር፤ በኋላ በ1947 የኖቤል ሽልማት ያገኘው። ሮቢንሰን ውጤቱን ቀድሞ አሳተመ። ጁሊያንና የሥራ ባልደረባው ዮሴፍ ፒክል የራሳቸውን ሲያዩት ከታላቁ ሰው ጋር አይገጥምም።

እስቲ በቦታው ራሳችሁን አስቀምጡ። ከአንዲት ትንሽ ከተማ የግል ኮሌጅ ቁጭ ብላችሁ፣ ወረቀታችሁ ላይ ያለው ቁጥር ከኦክስፎርድ ቁጥር ጋር አልስማማ አለ። ስንቶቻችን ነን የራሳችንን ቁጥር ሰርዘን የትልቁን የምንገለብጠው? ጁሊያን ዳታውን አመነ፤ ስህተቱ የሮቢንሰን ነው ብሎ በይፋ ጻፈ። ዳኛ ሆኖ የፈረደው የማቅለጫ ነጥብ ነው። በ1935 የሠሩት ንጥረ ነገር ከተፈጥሮው ጋር በአንድ የሙቀት መጠን ሲቀልጥ ክርክሩ አለቀ። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ይህን ሥራ በ1999 የአገሪቱ ታሪካዊ የኬሚስትሪ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ይህን ሁሉ ሠርቶም ዲፖው ፕሮፌሰር አላደረገውም፤ ምክንያቱ የቆዳው ቀለም ነበር። (ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስና የሒሳብ ሕንፃ በእሱ ስም ይጠራል፤ ሕንፃ ይቅርታ ለመጠየቅ ዘገምተኛ ነው።) በ1936 ወደ ኢንዱስትሪው ገባ፤ ግሊደን በተባለ የቀለም ፋብሪካ የአኩሪ አተር ምርምሩን እንዲመራ ተቀጠረ። አንድ ቀን ከፋብሪካው ተደወለለት፤ ትልቁ የአኩሪ አተር ዘይት ጋን ውሃ ገብቶበት ከሥሩ ነጭ ነገር ተጋግሯል፣ ዘይቱ ተበላሸ ተባለ። ጁሊያን ነጩን ነገር ሲያይ አወቀው። ከዓመታት በፊት ዲፖው ውስጥ ከካላባር ባቄላ ዘይት ተመሳሳይ ክሪስታል ወጥቶለት ነበር፤ ስቲግማስቴሮል። ከዚህ ነጭ ዝቃጭ ተነስቶ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት መሥራት ተቻለ፤ ቀጥሎም ኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶችን ርካሽ የሚያደርግ መንገድ አገኘ። የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ በ1961 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠው። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ።

የጋኑን ታሪክ ደግማችሁ አስቡት። ያን ነጭ ነገር ያዩ ሠራተኞች ብዙ ነበሩ። ለእነሱ ብልሽት ነበር። ለእሱ ግን በገዛ እጁ አጣርቶት፣ በገዛ ዓይኑ አይቶት ያለፈ ነገር ነበር። በዚያች ትንሽ ቤተ ሙከራ ያሳለፈው ሰዓት ነው ከዓመታት በኋላ የከፈለው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። የላብ ሰዓት ነው። አንድ ቢዩሬት፣ ስድስት ተማሪ። አንዷ ትሠራለች፣ አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። ማታ ላይ ሪፖርቱ ይገለበጣል፤ ዳታው አንዳንዴ ከላይኛው ባች የተወረሰ ነው፣ እነሱም ከበላያቸው ካለው ወርሰውታል፤ የዚያ ታይትሬሽን የመጀመሪያ ባለቤት ምናልባት ተመርቆ፣ አግብቶ፣ ልጅ አሳድጓል። እንጀራ ሲጋገር በማየት ብቻ እንጀራ ጋጋሪ የሆነ ሰው አላውቅም። ከስድስቱ ውስጥ ቢዩሬቱን የምትይዘዋ ሁኑ። ተራ ካልደረሳችሁ ሁሉም ሲወጣ ዕቃ ለማጠብ ቅሩ። ዕቃ የሚያጥብ ተማሪን የላብ ቴክኒሺያን ይወደዋል፤ የወደዱት ተማሪ ደግሞ «አንድ ጊዜ ልድገመው?» ሲል እምቢ አይባልም።

«የእኛ ላብ እኮ ምንም የለውም» የምትሉ አላችሁ። አንዳንዱ እውነታችሁን ነው። ግን ለጁሊያን የመሰከረለት መሣሪያ ምን እንደነበር አትርሱ፤ ቴርሞሜትርና አንዲት ቀጭን የመስታወት ቱቦ! የፋርማሲ ተማሪዎች አስፕሪን ትሠራላችሁ፤ ሳሊሲሊክ አሲድን ከአሴቲክ አንሃይድራይድ ጋር። ያወጣችሁትን ነጭ ዱቄት አሳይታችሁ ነጥብ ተቀብላችሁ አትሂዱ። አድርቁት፣ ቱቦዋ ውስጥ ጥቂት ጨምሩ፣ ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ንጹሕ አስፕሪን 135 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ በጠባብ ክልል ይቀልጣል። ያልጠራው ቀድሞ መርጠብ ይጀምርና እየተንዛዛ ይቀጥላል። ከዚያ ጥቂቱን በአልኮል አሟሙታችሁ አይረን (III) ክሎራይድ ጠብ አድርጉበት፤ ወይን ጠጅ ከሆነ ያልተለወጠ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀርቶበታል። ይህን ያደረገ ተማሪ «የጥራት ቁጥጥር ምንድን ነው?» ተብሎ በቃለ መጠይቅ ቢጠየቅ ከሃንድአውት አይመልስም።

ደግሞም ከፋዮች ናችሁ። በየሴሚስተሩ ወላጅ ከአፉ ነጥቆ፣ ወይም እናንተው ቀን ሠርታችሁ ማታ እየተማራችሁ የምትከፍሉት ብር የላብ ሰዓትም ይጨምራል። በኮርስ ዝርዝሩ ላይ ስምንት ሙከራ ተጽፎ ሦስት ብቻ ከተሠራ፣ በጓዳ ማማረር ሳይሆን በክፍል ተወካይ በኩል፣ በጨዋ ቋንቋ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። «ሪኤጀንት አልቋል» ከተባለ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ርካሽ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ላብ የለም ብላችሁ ቤት ውስጥ ያገኛችሁትን ሁሉ አትደባልቁ። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማገናኘት ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን ለቤት ሠራተኛችሁና ለታናናሾቻችሁም ንገሩ፤ ከተማራችሁት ኬሚስትሪ የመጀመሪያው ጥቅም እሱ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሥራ ብዙ አልልም። የመድኃኒት ፋብሪካው፣ ቢራው፣ ሲሚንቶው፣ ቆዳው፣ ውሃና ፍሳሹ፣ ሁሉም ልኬት የሚያውቅ እጅ ይፈልጋሉ። የቀረው የጥናት ነገር ነው፤ በተለይ ሽምደዳ የሚሉት በሽታ።

ኬሚስትሪ የሚሸመደድ ነገር አለው፤ አዎ፣ የአዮኖች ስምና ቻርጅ በቃል ሊያዝ ይገባል፣ ምሕረት የለውም። ከዚያ በላይ ያለውን ግን በማስላት እንጂ በመድገም አትይዙትም። ብዙ ተማሪ የሚወድቅባት ቦታ ሞል ናት። «6.022 × 10²³» ብሎ በቃሉ ይወጣዋል፤ ለምን እንደምትጠቅም ጠይቁት፣ ዝም። ስለዚህ አሁኑኑ ወረቀትና እስክሪፕቶ አንሡ። ፔሪዮዲክ ቴብሉንም ካላችሁ አቅርቡት።

አንድ እሽግ ኦአርኤስ አስቡ፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦለት የሚጠጣው፣ እናቶቻችን «ለምለም» የሚሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለአንድ ሊትር እንዲህ ይላል፤ ሶዲየም ክሎራይድ 2.6 ግራም፣ ግሉኮስ 13.5 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5 ግራም፣ ትራይሶዲየም ሲትሬት 2.9 ግራም። በሚዛን ያየው ሰው «ስኳሩ ከጨው አምስት እጥፍ ይበልጣል፣ ጣፋጭ እንዲሆን ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ሞል የምታውቁ ግን አታልፉም።

ግሉኮሱን ውሰዱ። አንድ ሞሉ 180.16 ግራም ነው። 13.5ን ለ180.16 አካፍሉ፤ 0.075 ሞል፣ ማለትም 75 ሚሊሞል። አሁን ሶዲየሙን። 2.6 ለ58.44 ሲካፈል 44.5 ሚሊሞል ይሰጣል። ግን ሶዲየም በጨው ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሲትሬቱም አለ። ክሪስታሉ የያዘውን ውሃ ጨምሮ አንድ ሞሉ 294.1 ግራም ነው፤ 2.9ን ብታካፍሉ 9.86 ሚሊሞል። «ትራይ» ስለሆነ እያንዳንዱ ሦስት ሶዲየም ይሰጣል፤ 29.6። ደምሩት፤ 74 አካባቢ፣ በእሽጉ ላይ 75 ተብሎ የሚጻፈው። በግራም ከጨው አምስት እጥፍ ይበልጥ የነበረው ስኳር፣ በሞል ሲቆጠር ከጠቅላላው ሶዲየም ጋር እኩል ሆኖ ቁጭ አለ!

ይህ አጋጣሚ አይደለም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስን አያይዞ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ፤ እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ተቅማጥ አንጀቱን ሲያውከውም ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ግሉኮሱ ቢያንስ የሶዲየሙን ያህል ካልሆነ ጨው በደንብ አይገባም፤ «ስኳር ኃይል ይሰጣል» ብሎ እፍኝ የጨመረበት ሰው ደግሞ ውሃውን ወደ አንጀት መልሶ ይስበዋል፣ ተቅማጡም ይብሳል። እንግዲህ የእናንተ የሞል ስሌት የገባው እዚህ ነው፣ በአንድ ሕፃን አንጀት ውስጥ። ይህን አንዴ በእጁ ያሰላ ሰው ኦስሞላሪቲ የሚለው ምዕራፍ ሲመጣ አይበረግግም። መምህሩ «የሁሉንም ሚሊሞል ደምሩ» ሲል፣ ድምሩ ለምን 245 እንደሚመጣ ለጓደኛው ያስረዳል፤ ያስረዳ ደግሞ ከሰማው ይልቅ ይማራል።

እንደዚህ ያለ ስሌት በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ግሉኮስ ከረጢት ላይ «5 በመቶ» ተብሎ ተጽፏል፤ በሊትር ስንት ሞል ነው? ኖርማል ሳላይን 0.9 በመቶ ነው፤ ይኸውም በሊትር 9 ግራም ጨው፣ 0.154 ሞል። ለምን 0.9 ሆነ፣ 2 ቢሆን የደም ሴሉ ምን ይሆናል? ለተግባር ልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች ሕሙማን በማይበዙበት ሰዓት ከእሽጉ ላይ እየገለበጣችሁ አስሉ። ስልክ ሳይሆን ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ስህተታችሁም ተጽፎ ይኑር፣ አትሰርዙት፣ በላዩ ላይ አንድ መስመር ብቻ አስምሩበት። የኢንዱስትሪ ላቦራቶሪዎች ሕግም ይኸው ነው።

ከኦአርኤሱ ፖታሲየሙ ቀርቷል፤ እሱን እኔ አላሰላም። 1.5 ግራም፣ አንድ ሞሉ 74.55 ግራም። 20 ሚሊሞል አካባቢ ካልመጣላችሁ፣ ግራሙን ወደ ሞል ስትቀይሩ የት ጋ እንደሳታችሁ ፈልጉ።